የሚሠራ ክትባት ከሆነ ለምን ይደገማል?

ጥያቄ፦ «እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የጆንሰንን የኮሮና ክትባት አንድ ጊዜ ወስዳለች። አሁን ስኳሯን የሚከታተላት ሐኪም ማጠናከሪያ ውሰጂ ብሏታል። ባለቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያ ልጃችንን ስታረግዝ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ሁለት ጊዜ ተወግታለች። ልጁ አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ጤና ጣቢያ ስትሄድ ግን እንደገና ትከተቢያለሽ አሏት። እኔ 36 ዓመቴ ነው፣ ጤነኛ ነኝ፣ አስትራዜኒካ ሁለቴ ወስጃለሁ። ሰፈር ውስጥ መርፌ ሲደጋገም የሰውነት መከላከያ ይዳከማል፣ ደም ይረጋል የሚሉ ብዙ ናቸው። ክትባቱ የሚሠራ ከሆነ ለምን ይደገማል? ጥቅሙና ጉዳቱ ሲመዘን ወዴት ያደላል?» (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ «ክትባት ይደገም ወይስ ይቅር» ተብሎ በጅምላ ለሚቀርብ ጥያቄ መልስ የለውም። መታየት ያለበት በሽታው ምን እንደሆነ፣ የሚከተበው ሰው ማን እንደሆነና ካለፈው መርፌ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ነው። እናንተ ቤት ውስጥ ሦስት አዋቂዎች ስላላችሁ መልሱም ለየቅል ነው። ባለቤትዎ ትከተብ፤ ይህ የሚያጠራጥር አይደለም። እናትዎም ይከተቡ። ለእርስዎ ግን አሁን አያስፈልግዎትም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «ድጋሚ» ሲባል ሰዎች የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይጠቀልላሉ። የኩፍኝን ክትባት ይውሰዱ። ሕፃን በ9 ወሩ ይከተባል፣ በ15 ወሩ ይደገማል። ሁለተኛው መርፌ የሚሰጠው የመጀመሪያው ስለከሸፈ ወይም ጊዜው ስላለፈበት አይደለም። በ9 ወራቸው ከሚከተቡ 100 ሕፃናት ወደ 85 የሚሆኑት ብቻ ናቸው መከላከያ የሚያበጁት፤ ከእናታቸው የወረሱት መከላከያ ገና በደማቸው ስላለ ክትባቱን የሚያከሽፍባቸው ልጆች አሉ። የትኛው ልጅ እንዳልያዘለት በዓይን አይታወቅምና ሁሉም ይደገማሉ። ይህ ሥራን መጨረስ እንጂ ማጠናከር አይደለም። አገራችን ይህን ሁለተኛ መርፌ በመደበኛው ክትባት ውስጥ ያስገባችው በ2011 ዓ.ም. ስለሆነ የአራት ዓመቱ ልጅዎ ሊያገኘው ይገባ ነበር። ካርዱን አውጥተው ይዩት፤ ካልተከተበ አሁንም አልረፈደም።

እውነተኛው ማጠናከሪያ ሌላ ነው። መከላከያው በትክክል ተገንብቶ በጊዜ ብዛት ሲሳሳ ወይም ተሐዋሲው መልኩን ሲለውጥ የሚሰጥ ነው። እዚህ ላይ ሰዎች የሚደናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዳንዱ ክትባት ዕድሜ ልክ ሲያገለግል ሌላው በየዓመቱ ይሳሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተከተብን በኋላ ደማችን ውስጥ ሁለት ነገር ይቀራል፦ የሚዘዋወር ፀረ እንግዳ አካል (ተሐዋሲውን የሚይዝ የመከላከያ ንጥረ ነገር) እና የበሽታውን መልክ የሚያስታውሱ ሕዋሳት። የመጀመሪያው እየቀነሰ ይሄዳል፤ የሚያስታውሱት ሕዋሳት ግን ለብዙ ዓመት ይቆያሉ። እነዚህን ሕዋሳት እንደ እድር ይቁጠሯቸው። የእድር አባላት በየቀኑ ተሰብስበው አይውሉም፤ ጥሩምባ ሲነፋ ግን ድንኳኑም ድስቱም ሰዉም ይመጣል። ለቀብር ይደርሳል። ለእሳት ቃጠሎ ግን አይደርስም፤ እስኪሰባሰብ ቤቱ ይነዳል። ሄፓታይተስ ቢ ሰውነት ከገባ በኋላ በሽታ ሆኖ እስኪታይ ብዙ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ የሚያስታውሱት ሕዋሳት ተነቅንቀው ይደርሳሉ፤ ጤናማ ሰው ሦስቱን መርፌ ከጨረሰ ማጠናከሪያ አያስፈልገውም። መንጋጋ ቆልፍ ደግሞ መርዝ ነው። ነርቭን ለመያዝ የሚበቃው መጠን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሰውነት በሽታውን ታሞ ቢድን እንኳ መከላከያ አይሰራም። ማስታወስ ብቻውን አይበቃም፤ መከላከያው መርዙ ሲመጣ በደም ውስጥ ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። ኮሮናም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚፈነዳ ነው፤ ለዚያውም መልኩን ይለዋውጣል።

ባለሙያዎች መርፌ ማብዛት ይወዳሉ ለሚሉት ደግሞ፣ መረጃው በፈቀደ ቁጥር መርፌ ሲቀነስ ነው የኖረው። የቢጫ ወባ ካርድ ድሮ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደንብ አንድ መርፌ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «ጊዜው አልፏል» የሚል አሮጌ ካርድ የያዘ መንገደኛ እንኳ እንደገና መወጋት የለበትም። የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በሁለት መርፌ ይሰጥ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ለልጃገረዶች አንዱ ሊበቃ እንደሚችል አሳወቀ። ቀድሞ የእብድ ውሻ ክትባት ጨርሶ የወሰደ ሰው ዳግም ቢነከስ ሁለት መርፌ ብቻ ነው የሚወስደው፤ ሴረምም (ተሠርቶ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) አያስፈልገውም።

«መከላከያ ይዳከማል» ስለተባለው። መርፌ በመደጋገሙ የሰውነት መከላከያ አይደክምም፤ ሰውነታችን በየዕለቱ በምግብ፣ በአየርና በቆዳ በኩል ከሚገጥመው የተሐዋሲ ብዛት አንጻር የአንድ ክትባት ሸክም ኢምንት ነው። በ2016 ዓ.ም. በሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ታሪክ ልንገርዎ። ጀርመን ውስጥ አንድ የ62 ዓመት ሰው በራሱ ፍላጎት በ29 ወራት ውስጥ 217 ጊዜ የኮሮና ክትባት ተወግቻለሁ አለ፤ አብዛኛው በመዝገብ ተረጋግጧል። ተመራማሪዎች ደሙን መርምረው መከላከያው ደክሞ አላገኙትም። የጎላ ጉዳትም አልታየበትም፤ የዚያን ያህል የተለየ ጥቅምም አላገኘም። አንድ ሰው ስለሆነ ለሁሉም ማስረጃ አይሆንም፣ ማንም እንዲያደርገውም አይመከርም። «ይዳከማል» የሚለውን ስጋት ግን አይደግፍም።

ወሬው ውስጥ ግን እውነት የሆነች ቁራጭ አለች፤ እሷን መደበቅ አልፈልግም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከሚገባው በላይ በቅርብ በቅርብ ከተደጋገመ በአንዳንድ ሰው ላይ ክንድ ከትከሻ እስከ ክርን ሊያብጥና ለቀናት ሊያም ይችላል። እንዲህ የሆነበት ሰው ከ10 ዓመት በፊት ዳግም እንዲወጋ አይመከርም። ስለዚህ በየቁስሉ፣ በየክሊኒኩ መወጋት ትክክል አይደለም። መሠረታዊውን ክትባት ለጨረሰ ሰው ቁስሉ ትንሽና ንጹሕ ከሆነ ካለፈው መርፌ 10 ዓመት፣ አፈር ወይም ፍግ የነካው ከሆነ 5 ዓመት ካልሞላ መደገም አያስፈልግም።

አሁን ወደ እናትዎ። ደም መርጋት የሚለውን ወሬ በቁጥር እንየው። የጆንሰን ክትባት በጣም አልፎ አልፎ የፕሌትሌት (ደም እንዲቆም የሚረዱት የደም ሕዋሳት) መውረድ ያለበት ልዩ ዓይነት የደም መርጋት አስከትሏል። አሜሪካ ውስጥ ሲቆጠር ከአንድ ሚሊዮን ተከታቢ ወደ አራት ሰው ይደርሳል፤ ይበልጥ የታየውም ከ30 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ነው። አስትራዜኒካም ይህንኑ ችግር አስከትሏል፤ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ዓ.ም. ያወጣው ግምት ከመቶ ሺህ አንድ አካባቢ ነበር። ችግሩ የሚከሰተው ከክትባቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በብዛትም ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ነው። በሌላ በኩል ፋይዘርና ሞደርና ከልብ ጡንቻ መቆጣት ጋር ይያያዛሉ። እሱ የሚታየው በአብዛኛው ከ30 ዓመት በታች ባሉ ወንዶች ላይ፣ በተለይ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ነው፤ አብዛኞቹም ድነዋል። የ68 ዓመት ሴት ከሁለቱም ዋና ተጋላጮች ውጭ ናት።

ሰፈር ውስጥ የሚወራው ግን ይሄ ብርቅ በሽታ አይደለም። «እትዬ እከሊት ተከትበው በሳምንቱ ስትሮክ መታቸው» የሚል ነው። ይህን የሚናገሩ ሰዎች አይዋሹም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ግፊትና ስኳር ያለባቸው አረጋውያን ስትሮክ የማይመታበት ቀን የለም፤ ክትባት ከመምጣቱ በፊትም እንዲሁ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያን ከተከተቡ፣ መርፌው ውኃ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንኳ ከመካከላቸው የተወሰኑት በዚያው ወር ስትሮክ ይይዛቸው ነበር። ክትባቱ ተጠያቂ መሆን አለመሆኑ የሚለየው በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ያለው ልዩነት ሲቆጠር ነው፤ ያ ብርቅዬ የደም መርጋት የተገኘውም በዚሁ ዓይነት ክትትል ነው። ኮሮና ራሱ ደግሞ ደም ያረጋል፤ ከክትባቱ እጅግ በበለጠ መጠን። ስኳርንም ያናጋል። እናትዎ ከሚፈሩት ነገር የሚያድናቸው አለመከተብ አይደለም።

ጥቅሙንም ሳላጋንን ልንገርዎ። ማጠናከሪያው እናትዎን በኮሮና ከመያዝ የሚከላከልበት ጊዜ ጥቂት ወራት ነው። ዋናው ጥቅሙ ጠንቶባቸው ኦክስጅን ላይ እንዳይደርሱ ማድረጉ ነው፤ ያ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እንደ 2013 ዓ.ም. ያለ ልዩነትም አይጠብቁ። ዛሬ አብዛኛው ሰው ወይ ታሟል ወይ ተከትቧል ወይም ሁለቱንም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. አውጇል። ስለዚህ ጥቅሙ ከድሮው አንሷል። ለእናትዎ ዓይነት ሰው ግን ጉዳቱ ከዚያም እጅግ ያነሰ ነው። ድርጅቱ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ሰዉን በሦስት ደረጃ ሲከፍል አረጋውያን፣ ስኳርን የመሰለ ከባድ ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የጤና ባለሙያዎች ከላይ የተቀመጡት ለዚህ ነው። ለእነሱ ካለፈው መርፌ ስድስት ወር ወይም ዓመት ሲሞላ እንደ ሁኔታው እንዲደገም ያኔ መክሯል። እናትዎ አንድ መርፌ ብቻ ከወሰዱ ዓመታት አልፈዋል። ሐኪማቸው ያሉት ትክክል ነው፤ ይከተቡ። ያኔ የወሰዱት ዓይነት ካልተገኘ በሌላ ዓይነት መቀጠል ይቻላል።

ክትባቱ እንደ ዘመቻው ጊዜ በየሰፈሩ ድንኳን ተተክሎ አይሰጥም፤ አስቀድማችሁ ጤና ጣቢያውን ወይም ሐኪማቸውን ጠይቁ። እስኪገኝ ድረስ፣ ከተገኘም በኋላ፣ የእናትዎን ሳንባና ልብ ይበልጥ የሚጠብቀው የስኳራቸውና የግፊታቸው ቁጥጥር ነው። ትኩሳትና ሳል ሲጀምራቸው ፌጦና ዝንጅብል ቢወስዱ አልቃወምም፤ ሁለትና ሦስት ቀን እቤት ተኝተው መጠበቃቸውን ግን እቃወማለሁ። ባለፈው ወረርሽኝ ብዙ እናቶች ሐኪም ቤት የደረሱት ከንፈራቸው ከጠቆረ በኋላ ነበር፤ እንዲህ ዓይነቱ መዘግየት ዛሬም ያሳስበኛል።

በሚከተቡበት ቀን ባዶ ሆድ አይሂዱ። ጾም ከሆነና መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን ከወሰዱ በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚቆዩ ከሆነ ስኳራቸው የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰዉ ግን መርፌው ነው ይላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለባለሙያው ይንገሩ፤ መርፌው ከወጣ በኋላ ቦታውን ሁለት ደቂቃ ያህል ሳያሹ መጫን ነው። 15 ደቂቃ እዚያው ይቀመጡ። ድሮ በመርፌ ወይም በመድኃኒት ከባድ አለርጂ ካጋጠማቸው ግማሽ ሰዓት ይሁን፤ የተነሣባቸው በዚያው ክትባት ከሆነ ደግሞ አይውሰዱት። ክንድ ማመም፣ መድከም፣ ትኩሳት ለአንድና ለሁለት ቀን የሚጠበቅ ነው፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። ትኩሳቱ ስኳራቸውን ከፍ ሊያደርገው ስለሚችል በእነዚያ ቀናት አዘውትረው ይለኩ። ፀበል መጠመቅም ገላ መታጠብም ይችላሉ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት ወይም የአንድ እግር እብጠት በሚቀጥሉት ሳምንታት ከመጣ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይሂዱ፣ መከተባቸውንም ይናገሩ።

ለባለቤትዎ የተነገራት «ድጋሚ» ደግሞ የጤና ጣቢያው ስሕተት አይደለም። ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች ክትባቱ አምስት ጊዜ ነው የሚሰጠው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አራት ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር በኋላ፣ አራተኛውና አምስተኛው በየአንድ ዓመት ልዩነት፤ እነዚህ ትንሹ ክፍተቶች ናቸው፣ ቢዘገይ ካቆሙበት ይቀጠላል እንጂ ከሀ አይጀመርም። ሁለቱ መርፌዎች የሚጠብቋት ለሦስት ዓመት ያህል ነው። ልጅዎ አራት ዓመቱ ነው፤ ስለዚህ ያ ጊዜ አልፏል። ሦስተኛው ለአምስት ዓመት፣ አራተኛው ለ10 ዓመት፣ አምስተኛው ለቀሪው የመውለድ ዘመኗ ይጠብቃታል። የአሁኑን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ከመውለዷ ሁለት ሳምንት በፊት መውሰድ አለባት፤ መከላከያው ተሠርቶ ወደ ሽሉ እንዲያልፍ ጊዜ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ሚዛኑን ልመዝንልዎ አልችልም፤ ሌላኛው ወገን ባዶ ነው ማለት ይቻላልና። መርፌው ሕይወት ያለው ተሐዋሲ የለበትም፣ በእርግዝና ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት በዓለም ዙሪያ ሲሰጥ ኖሯል። ያመክናል ለሚሉት፣ ባለቤትዎ ሁለት ጊዜ ተወግታ ነው ይህን አሁን በሆዷ ያለውን ልጅ የፀነሰችው። በሽታው ግን ይህ ነው፦ ሲወለድ ደህና የነበረ፣ ጡት አጥብቆ የሚስብ ሕፃን በሦስተኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ አፉ አልከፈት ይላል፣ ጡት መሳብ ያቆማል፣ ሲነኩት ወይም ድምፅ ሲሰማ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይገተራል። ሕክምና ካላገኘ በአብዛኛው አይተርፍም። የሚመጣው ንጹሕ ባልሆነ ነገር ከተቆረጠ ወይም ቅቤና ሌላ ነገር ከተቀባ እትብት ነው። ኢትዮጵያ በ2009 ዓ.ም. የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ከሕዝብ ጤና ችግርነት ማውጣቷ ተረጋግጧል፤ ይህ ማለት ግን በሽታው ጠፍቷል ማለት አይደለም። የሚኖረው በአፈርና በፍግ ውስጥ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ የጎረቤት መከተብ ለእርስዎ ልጅ አይተርፍም። ሆስፒታል እወልዳለሁ ብላ መተውም የለባትም፤ ምጥ የት እንደሚይዝ አይታወቅም። በእርግዝና ወቅት የማይሰጡት እንደ ኩፍኝና ቢጫ ወባ ያሉት ሕይወት ያላቸው ክትባቶች ናቸው። ለኮሮና ግን ነፍሰ ጡሮች ከቅድሚያዎቹ ስለሆኑ፣ በክትትሏ ላይ ስለ እሱም ትጠይቅ።

እርስዎ ጤነኛ ነዎት፣ ሁለት መርፌ ወስደዋል። ለእርስዎ ዓይነት ሰው ተደጋጋሚ ማጠናከሪያ በመደበኛነት አይመከርም፤ የሚያገኙት ተጨማሪ ጥቅም ጥቂት ነው። «እናቴን እንዳላስይዛት» ብለው ከሆነ፣ ማስተላለፍን የሚቀንሰው ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ጉንፋን ሲይዝዎ ማስክ ማድረግና ከእሳቸው ራቅ ማለት ይበልጥ ይጠቅማል። ሐኪም ቤት የሚሠሩ ከሆነ ወይም ሥር የሰደደ ሕመም ከተገኘብዎ መልሱ ይለወጣል። አስትራዜኒካ በ2016 ዓ.ም. ከገበያ መውጣቱን ሰምተው ከሆነም አይስጉ። ኩባንያው የሰጠው ምክንያት አዳዲስ ክትባቶች መብዛታቸውንና ፍላጎት መቀነሱን ነው፤ ብርቅዬው የደም መርጋትም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የታወቀ ነው። የእርስዎ የስጋት ጊዜ ከዓመታት በፊት አልፏል።

የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በአራዳም በልደታም በቂርቆስም ባሉ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል። በግል ክሊኒክ የምትከተብ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ እንዴት እንደሚሠራ ጠይቁ፤ ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ ከሠራም ይበላሻል። ብልቃጧ ላይ ክብ ምልክት አለች፣ በውስጧ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኗ ከዙሪያው ክብ ነጣ ያለች መሆን አለባት፤ እኩል ከጠቆረች ወይም ከበለጠች ሙቀት መትቶታልና አይወሰድም። ይታየኝ ማለት ነውር አይደለም፣ ደኅና ባለሙያ ራሱ ያሳያል።

ካርዱን ነገር አደራ እላለሁ። ባለፉት ዓመታት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር የገቡ ብዙ ቤተሰቦች ካርዳቸው በዕቃ ማጓጓዝ ጠፍቷል፤ መዝገቡም በቀድሞው ጤና ጣቢያ ቀርቷል። የባለቤትዎ ካርድ ከጠፋ መጀመሪያ የተከተበችበት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ መዝገብ አስፈልጉ። ካልተገኘ እንዳልተከተበች ተቆጥሮ ይጀመርላታል፤ ትርፍ መርፌ ቢሆንባት ክንዷን ከማመም አያልፍም። አዲሱ ካርድ ላይ የክትባቱ ስም፣ ቀኑና ስንተኛው እንደሆነ መጻፉን እዚያው ሳትነሱ አረጋግጡ፤ የቀድሞዎቹ ሁለቱ ከተረጋገጡ የአራተኛውን ቀጠሮም ከዓመት በኋላ ያለውን ቀን አስጽፉ፣ ያኔ ነፍሰ ጡር ባትሆንም ትሄዳለች።